በዕጣ የደረሰችኝ ከተማ

በ1993 ዓ.ም. ጎንደር ሕክምና ተምሬ ስመረቅ አዲስ ሐኪም የሚመደበው በዕጣ ነበር። ያነሣሁትን ብጣሽ ወረቀት ስገልጠው ስሟን ሰምቼ እንጂ በዓይኔ አይቻት የማላውቅ አንዲት የደጋ ከተማ ወጣችልኝ። ለእናቴ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመጣለሁ» ብያት ነበር፤ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ፤ ልጆቼም የዚችው ከተማ ልጆች ሆኑ። ይህን ተሞክሮ የምጽፈው እንደ እኔ ወደ ትንሽ ከተማ ለሚሄዱ ወጣት ሐኪሞች ነው። ድነው የሄዱት ታካሚዎች ታሪካቸውን ራሳቸው ይናገሩት፤ እኔ የምተርክላችሁ የተሳሳትኩባቸውን ቀኖች ነው። አብዛኞቹ ስሕተቶች ትምህርት ቤት አይነገሩም፤ እያንዳንዳችን እንደ አዲስ በሰው ነፍስ ላይ እንማራቸዋለን።

ስደርስ ሆስፒታሉ ሁለት ሐኪሞች ነበሩት፤ አንደኛው በሦስተኛው ወር ለስፔሻሊቲ ትምህርት ሄደና ሁለት ቀረን። አንድ ሌሊት እኔ፣ አንድ ሌሊት እሱ፣ ቀን ደግሞ ሁለታችንም ማለት ነው። ሞባይል ስልክ ገና ከተማችን አልደረሰም፤ ተረኛው ሐኪም ሲፈለግ ዘበኛው የእጅ ባትሪውን ይዞ ቤት ድረስ መጥቶ በር ይደበድብ ነበር። በዚያን ጊዜ ለራሴ የነበረኝን ግምት ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ሐኪም ማለት የማይጠይቅ፣ የማይደክም፣ «አላውቅም» የማይል ሰው ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ 1994 ማታ አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት በጓደኞቹ ተደግፎ መጣ። ለሥራ ከገጠር መጥቶ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር በአንዲት ጠባብ ቤት የሚያድር፣ ልብሱን ካወለቀ ሳምንታት ያለፉት ልጅ ነበር። ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ማይክሮስኮፑን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ፤ በደም ሴሎቹ መካከል እንደ ተጠማዘዘ ክር የሚመስሉ ጀርሞች ይታያሉ፤ በቅማል የሚተላለፈው፣ ግርሻ የሚባለው ትኩሳት ነበር። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ፔኒሲሊን። ጀርሞቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ታካሚው በብርድ ብርድ እንደሚንቀጠቀጥና የደም ግፊቱ ሊወርድ እንደሚችል ለፈተና ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ያን ማታ ግን የጻፍኩት ነገር ትዝም አላለኝ።

ተረኛው ጋሼ ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» እንጂ በስማቸው አንጠራቸውም፤ ከደርግ በፊት ጀምሮ በድሬሰርነት፣ ማለትም በጤና ረዳትነት የሠሩ፣ ወረቀታቸው ከእኔ ወረቀት እጅግ ያነሰ፣ ዓይናቸው ግን የበለጠ ሰው ናቸው። «ዶክተር፣ አስቀድመን ግሉኮስ ብንሰካለትና አጠገቡ ሰው ቢቀመጥ አይሻልም?» አሉኝ። «መርፌው ይበቃዋል» ብዬ ካርዱ ላይ ፈርሜ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሬ ተደበደበ። ስደርስ ልጁ አልጋውን እያንቀጠቀጠ ነው፤ ትኩሳቱ ከፊተኛው ብሷል፤ የደም ግፊቱ ወርዶ በእጅ የሚዳሰስ የልብ ትርታ ለማግኘት ጣቴን ሦስት ጊዜ አዛወርኩ። ግሉኮሱ ግን ተሰክቶ በፍጥነት እየወረደ ነበር፤ ጋሼ እኔ ያላዘዝኩትን በራሳቸው አድርገውታል። እስኪነጋ አብረን ተቀመጥን። ጠዋት ልጁ ዓይኑን ገልጦ ሻይ ጠየቀ። እኔ ቁጣ እየጠበቅኩ ነበር፤ ጋሼ ጋቢያቸውን እያጣጠፉ «እኔ በእርስዎ ዕድሜ ሳለሁ በዚሁ ነገር ሁለት ሰው ቀብሬያለሁ» ብቻ ብለውኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ስለዚህ አዲስ ቦታ ስትገቡ፣ በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ቤት ረጅም ዘመን ያገለገለውን ሰው ፈልጉና «እዚህ አገር ሰው በምን ይታመማል? ክረምት ላይ ምን ይመጣል? እናንተ የምትፈሩት የትኛውን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ድሬሰር ይሁን፣ አዋላጅ ነርስ ይሁን፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ይሁን ለውጥ የለውም። በዚያው ሰሞን አንድ የኪስ ደብተር ገዝቼ የማላውቀውንና የተሳሳትኩትን መጻፍ ጀመርኩ፤ የታካሚ ስም አልጽፍበትም። አሁን አራተኛው ደብተር ላይ ነኝ።

ቀጥሎ የፈተነኝ ቋንቋው ነበር። አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ሆኖ ሳለ የታካሚዎቼን አማርኛ አላውቀውም ነበር። አንዲት እናት «ልቤን ይሞረሙረኛል» ብላ ስትነግረኝ የልብ ምርመራ ሁሉ አዘዝኩላት፤ እሷ ግን የምታሳየው ከእንብርቷ በላይ ያለውን ሆዷን ነበር። «ኩላሊቴን» የሚለው ገበሬ ቀን ሙሉ ሲያጭድ የዋለበትን ወገቡን ማለቱ ነው። «ምች መታኝ»፣ «መጋኛ ነው»፣ «ነርቬ ነው» ሲባል እያንዳንዱ ቃል ከጀርባው ሌላ ነገር አለው፤ አንዳንዴም ሰውየው በሌላ ቃል ሊናገረው የማይደፍረው ሐዘን አለው። አሁን ለሁሉም አንድ ነገር እላለሁ፤ «ጣትዎን ያሳርፉበት»። ጣት እንደ ቃል አያሳስትም። በነገራችን ላይ፣ ከቃል በላይ የሚያሳስት ምርመራም አለ። በከተማችን «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ታይፎይድን ለመለየት ከደም የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ድሮ የነበረን ሕመምም ሌላ ትኩሳትንም እንደ ታይፎይድ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ወረቀቱን ብቻ አይቶ መድኃኒት መጻፍ ከእውነተኛው በሽታ ዓይንን ማንሣት ነው። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ ስጽፍ ኖሬያለሁ።

አሁን የምነግራችሁን ለብዙ ዓመታት ለባለቤቴም አልነገርኳትም። በትንሽ ከተማ ሐኪም መሥሪያ ቤቱ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ገበያ መካከል፣ ሥጋ ቤት ወረፋ ላይ «ዶክተር፣ ይቺን ብቻ» የሚል ሰው አለ፤ እምቢ ማለት ደግሞ ኩራት ይመስላል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንድ ወፍጮ ቤት ያለው ጎልማሳ አጠገቤ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺ ጨጓራ አላስቀምጥ አለችኝ፤ ሽቅብ ስወጣማ ታፍነኛለች» አለኝ። እኔም ንፍሮዬን ይዤ የአንድ የጨጓራ እንክብል ስም ነገርኩት፤ በርበሬ እንዲቀንስም መከርኩት። «ሽቅብ ስወጣ» የሚለውን ጆሮዬ ሰምቶታል፤ አእምሮዬ አልሰማውም። ጨጓራ ቁልቁለትና ዳገት አይለይም፤ ዳገት ላይ የሚያፍን ልብ ነው።

በሦስተኛው ቀን የእድሩ ድንኳን ከዚያ ግቢ ተነቅሎ የእሱ ግቢ ተተከለ። እንደማንኛውም ጎረቤት ሄጄ ተቀመጥኩ። ሚስቱ ለአጽናኞቹ «ዶክተር እንኳ መድኃኒት አዞለት ነበር፤ ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ» እያለች ስትናገር ሰው ሁሉ በምስጋና ዓይን አየኝ። ከዚያ ድንኳን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ሆስፒታል መጥቶ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር ወይ የሚለውን ማንም ሊመልስልኝ አይችልም፤ ቢያንስ የደም ግፊቱ ይለካ፣ አስፕሪን ይሰጠው፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ አላክምም። «እዚህ ሆኜ ብነግርዎት እበድልዎታለሁ፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ፣ እኔው እጠብቅዎታለሁ» እላለሁ። ይህን ብቻ ብሎ መሄድ ግን ማባረር ይሆናል። ስለዚህ ደብተሬን አውጥቼ ፊቱ እያየ ቀጠሮውን እጽፈዋለሁ፤ በየጠዋቱም ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለይቻለሁ። ሰው የሚቀየመው በእምቢታው ሳይሆን በመረሳቱ ነው። ሕመሙ ደረት፣ ትንፋሽ፣ እርግዝና ወይም ሕፃን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ነገም አልልም፤ እዚያው ተነሥተን አብረን እንሄዳለን።

በ1998 ዓ.ም. ያጋጠመኝ የኩራት ውጤት ነበር። አንዲት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ወጣት በቃሬዛ ተሸክመዋት መጡ። በዚያ ሳምንት ቀዶ ጥገና የሚችለው ባልደረባዬ አልነበረም። ፓርቶግራፍ በሚባለው የምጥ መከታተያ ሠንጠረዥ ላይ የምጡ መስመር የማስጠንቀቂያውን መስመር ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አለፈው፤ በዚያች ደቂቃ መላክ ነበረብኝ። ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት በፊት የላክሁት የሪፈር ወረቀት ጀርባው ላይ «ይህም ሪፈር ይባላል?» የሚል ጽሑፍ ይዞ ተመልሶልኝ ነበር። ያ ጽሑፍ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ትንሽ እንያት» እያልኩ ሌላ አራት ሰዓት አለፈ፤ መኪና ሲፈለግ ደግሞ የሆስፒታሉ መኪና ተበላሽቶ ቆሟል። በየወረዳው አምቡላንስ ያልነበረበት ዘመን ስለነበር በመጨረሻ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ለምነን፣ ግማሹን ጆንያ አውርደን፣ በፒስታ መንገድ ሌሊቱን ላክናት። ልጁ ሞቶ ተወለደ። እሷ በሕይወት ተመለሰች፤ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ረሳሁት።

ከሁለት ወር በኋላ በተመላላሽ ክፍል አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ከሌሎቹ ታካሚዎች ርቃ፣ ነጠላዋን አራት አጥፋ ከሥሯ አንጥፋ የተቀመጠች ሴት አየሁ፤ ያችው ወላድ ነበረች። ሽታው ሰው እንዳይደርስ ብላ ነው የራቀችው። እናቷ «ልጄን ሽንቷ አልቆም አላት፤ ባሏም ወደ እኔ መለሳት» አሉኝ። ፊስቱላ ነበር። በተራዘመ ምጥ የሕፃኑ ራስ የሽንት ፊኛን ከአጥንት ጋር ለረጅም ሰዓት ሲጫነው ሥጋው ሞቶ ይቀደዳል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን አዲስ አበባ ላይ ለዚህ ሕመም ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ካቋቋሙ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ባሕር ዳር የሚገኘው ማዕከላቸውም በቅርቡ ተከፍቶ ነበርና ወደዚያ ላክናት። ሕክምናው ያለ ክፍያ ነው። ደረቅ ሆና ተመለሰች። ከአራት ዓመት በኋላ አርግዛ ስትመጣ በአራተኛው ወሯ ነበር፤ ፊስቱላ የተጠገነላት ሴት በቀዶ ጥገና እንድትወልድ ስለሚመከር ቀኑን አስቀድመን ቆርጠን፣ ወረዳው ከተማ ዘመዶቿ ጋ አስቀምጠናት፣ ሴት ልጅ ታቅፋ ወጣች።

ከዚህ የተማርኩትን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው በውሳኔና በመንገድ መካከል ነውና። መላክ እንዳለባችሁ ስታውቁ ሰዓቱን ጻፉ፤ የተጻፈ ሰዓት ያስቸኩላል። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ተቀባዩ ሆስፒታል ደውሉና የሚቀበለውን ሐኪም በስሙ ያዙት። ታካሚዋን ከባሏ ጋር ብቻ አትላኩ፤ አዋላጅ ነርስ አብራት ትሂድ፣ ግሉኮስና የሽንት ቱቦ ተሰክቶላት ይሁን፣ ደም ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ዘመዶችም አብረው ይሳፈሩ። ወረቀቱ ላይ የሰጣችሁትን መድኃኒት ከነሰዓቱ አስፍሩ። ከተራዘመ ምጥ የተገላገለች እናት የሽንት ቱቦዋ ለሁለት ሳምንት ያህል ቢቆይላት ትንሽ ቀዳዳ ራሱ ሊደፈን ይችላል፤ ይህን በጊዜው ባውቅ ኖሮ ስትመለስ አደርገው ነበር። የሚሳለቅባችሁ ሰው ቢኖር ደግሞ ይሳለቅ። እኔ በኋላ መኪና ተሳፍሬ ሄጄ እነዚያን ሐኪሞች በአካል ተዋወቅኋቸው፤ ቡና ጠጣን፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቴ ጀርባው ላይ የሚጻፍበት ነገር ምን እንደተደረገላትና እንዴት እንደሆነች ሆነ።

ስለ ጸበል ጥቂት ልበል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ መድኃኒቱን ትተው ጸበል የገቡትን እቆጣ ነበር። የተቆጣኋቸው አይመለሱም፤ ያተረፍኩት ይህን ብቻ ነው። ኋላ ግን ራሴ ጸበሉ ድረስ ወርጄ አጥማቂውን ካህን እጅ ነሥቼ አነጋገርኳቸው። «እኛ መድኃኒት ጣሉ አላልንም፤ በጸበሉ ይዋጡት» አሉኝ፤ እንዲያውም የቀጠሮ ቀናቸውን የሚያስታውስ አንድ ዲያቆን መደቡልኝ። የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ሁለቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ከተናገሩ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ቀለለ።

በ2002 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እኔው ማሳል ጀመርኩ። «ብርድ ነው» ብዬ ለራሴ አሞክሳሲሊን ጻፍኩ፤ ሲያልቅ ደገምኩ። ሌሊት ያልበኛል፤ ሱሪዬ ሰፋኝ፤ ከሥራ ብዛት ነው አልኩ። አንድ ጠዋት ክፍሌን የምታጸዳው እትዬ መወልወያዋን ተደግፋ «ዶክተር፣ ለሰው ሁሉ ‹ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ አስመርምር› እያሉ ሲናገሩ እሰማለሁ፤ የእርስዎ ስንት ሳምንቱ ነው?» አለችኝ። ቆጠርኩ፤ ሰባት ሳምንት። አክታዬ ላይ የቲቢ ጀርም ተገኘ። ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒት ወሰድኩ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየጠዋቱ ከታካሚዎቼ ጋር ተሰልፌ በነርሷ ፊት እውጥ ነበር። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጄም ለስድስት ወር የመከላከያ መድኃኒት ዋጠ። ባለቤቴ አንድ ቀንም አልወቀሰችኝም፤ ልጁን መድኃኒቱን ስታውጠው ግን ወደ እኔ አታይም ነበር።

የደጋ ብርድ ነው ብዬ ለዓመታት መስኮት ዘግቼ አክሜያለሁ። መስኮት ክፈቱ፤ ካፖርት ልበሱ፤ ነፋሱ ከእናንተ ወደ ታካሚው አልፎ እንዲወጣ ወንበራችሁን አዛውሩ። ለራሳችሁም መድኃኒት አትጻፉ፤ ካርድ አውጡና በባልደረባችሁ ታዩ።

ከዚያ ሕመም በኋላ ከባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን አንድ ነገር ወሰንን። ተረኛ ያልሆነ ሐኪም ሌሊት አይጠራም፤ ተረኛው ሲቸገር ግን ያለ ሐፍረት ይደውላል፤ የተደወለለትም «ይህን አታውቅም?» አይልም። በወረቀት ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ስልኬን ዘግቼ ለመተኛት አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ለብዙ ጊዜ «እኔ ከሄድኩ ማን ይሠራዋል?» እያልኩ ያስተላለፍኩትን የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ትምህርትም በመጨረሻ ሄጄ ተማርኩ። በሌለሁበት ሆስፒታሉ አልተዘጋም፤ እንዲያውም ሁለት ጎበዝ ወጣቶች መጥተው አገኘሁ። ስለ ደመወዝ አላወራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሥራ ሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ የምትሠሩ ከሆነ ግን፣ ሆስፒታል ያያችሁትን ታካሚ ወደዚያ አትጥሩ። በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለው ነገር በአንድ የገበያ ቀን ይሰማል።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ጎራ እላለሁ፤ ቡና ይፈላል፤ እሳቸውም ሁልጊዜ የግፊት እንክብላቸውን ሳጥን አውጥተው «ዶክተር፣ ይቺን ብቻ፤ በቀን አንድ ትበቃለች ወይስ ሁለት?» ይሉኛል። «እዚህ ሆኜ ብነግርዎት እበድልዎታለሁ» ስላቸው ይስቃሉ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ካርዳቸውን አስወጥተው፣ በሬ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ።